ሦስተኛው ሳል

ኒሙ ቅርንጫፍ ላይ ፓራንኮ ሰቀልን፣
ሳቢያን፣ በእኩለ ቀን፣ ሰንሰለቱን ሳብን፤
ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለኝ ሞተር
ዘይቱን እያንጠባጠበ፣ እንደታረደ በሬ አየር ላይ ሲዞር፣
ዑመርዲን ዞር አለ፤ አይቶ እንዳላየ
ካቻቢቴውን በእራፊ ሲወለውል ቆየ።

በምድር ባቡሩ ወርክሾፕ ያደገ፣
የብረትን ሕመም በጆሮው እየፈለገ፤
ሙሴ ነው የምንለው። በዋዜማው ደጄ ላይ ቆሞ፦
"ፋብሪካ የከተተውን ሰው ለምን ያወጣ?
አይሮጥም ይሄ ሞተር፤ ሄዶ ግን ሳይመጣ
የቀረበት ቀን አለ?
ሺኒሌ አሸዋ ላይ በሌሊት ቢቆምብህ
የነዳጁን ቋት በሳሙና ደፍነህ፣
ከነጠላ ጫማህ ጓርኒሲዮን ቆርጠህ
ታስነሳዋለህ።
ያንኛውንስ? በምን ቋንቋ ታናግረዋለህ?"

ሮብሌ ሳቀበት፣ ጥርሱ አረንጓዴ፦
"አቦ ተወን ሙሴ፣ የሐዲድ ዘመዴ!
ባቡሩም ዘመነ፣ በመብራት ነው ጉዞው።"
ወደ እኔ ዞረ ደግሞ፣
"ደንገጎ ላይ አንተን አህያ አልቀደመችህም?
የጫት አይሱዙ ጡሩንባዋን ነፍታ አልሰደበችህም?
ኩርባው ላይ ስትደርስ ራዲያተርህ ሲፈላ
አንተ ድንጋይ ፍለጋ፣ ተሳፋሪህ ጥላ።
አየር ነው ያነሳት፤ አየር ጨምርላት፤
ቱርቦ ማለት እኮ ሁለተኛ ሳንባ ናት።"

እኔ መሃል ነበርኩ። በኪሴ ያለው ብር
ግማሹ የእቁብ፣ ግማሹ ብድር።
እውነቱን ልናገር፣ ያስጨከነኝ ሳሉ ነው።
ጠዋት ጠዋት፣ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፤
ሦስተኛውን ሳይስል አይነሳም።
ገንደ ቆሬ ሙሉ ሰዓቱ አድርጎት
"የበዳሳ ሽማግሌ ነቃ" ሲሉ ሰምቼ፣ አፍሬበት።

ገባ ናፍጣው፣ ከተገለበጠ ሚኒባስ የመጣው።
ማቀፊያው ተቆረጠ። ኮፈኑ አልገጥም አለ፣ በመዶሻ አባበልነው።
ሊብሬዋ ላይ የተጻፈው ቁጥር
ከደረቷ ቁጥር ጋር አልተዋወቀም ነበር።

ግን አልዋሽም።
ነሐሴ ላይ፣ ደቻቱ ባጓራ ሌሊት፣
የጎረቤቴን ሚስት ፈይሩዛን ምጥ ጠንቶባት
ሐረር አድርሳት ተባልኩ። ደንገጎን
በአራተኛ ማርሽ ወጣሁት፣ ያውም በጭጋግ።
እሷ ከኋላ ስትጮኽ፣ ቱርቦው ሲያፏጭ ከፊት፣
አወዳይ ጫቷን እያሰረች አለፍናት።
ልጁ ሐረር ተወለደ፣ ፀሐይ ሳይወጣ።
"ስሙን ቱርቦ በሉት!" እያለ ሮብሌ መጣ።
ዑመርዲን "አልሐምዱሊላህ" አለ።
ከዚያ ሌላ ቃል አልወጣውም።

አሮጌው ሞተር ኒሙ ሥር ከረመ፣ ዶሮ ታቀፈችበት።
አንድ ቀን ብሄድ ዶሮዋ መሬት ወርዳለች፣
በቦታው የቀረው ክብ የዘይት ጥቁረት።
"ሸጥኩልህ" አለኝ ሙሴ፣ ብሩን ቆጠረልኝ።
ለማን እንደሆነ መጠየቅ ከበደኝ።

ትናንት ኤረር ነበርኩ። ማለዳ፣
ፓፓያው መሃል ጎማ ልፈትሽ ወርጄ
ሰማሁት።
ሁለት አጭር።
ጠበቅኩ።
አንድ ረጅም።
ከዚያ ውሃ በቦዩ ተንደርድሮ ሲመጣ፣
አፈሩ ሲጠጣ።
ቱቦ ገጥመውለታል፤ ሌላ ምንም አልጨመሩበትም።
ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ የትም አይሄድም፣ ማንንም አይቀድምም።

የኔዋን ላጠፋ እጄን ሰደድኩና ተውኩት፤
"ቱርቦ ወዲያው አይጠፋም፣ ሁለት ደቂቃ ትተንፍስ"
ብሎኛል ሮብሌ።
ሁለት ደቂቃ ሙሉ አብረው ሠሩ፣
አንዷ እያፏጨች፣ አንዱ እያጉረመረመ፣
የፓፓያው ቅጠል በሁለቱም ሲንቀጠቀጥ።

ከዚያ ቁልፉን አዞርኩ።
አንዱ ቀጠለ።